የመጀመሪያ የፕሮግራመርነት ሥራ፦ ሲቪዬ ተዘጋጅቷል፣ መላክ ግን አቃተኝ

ጀማሪዋ_ከአዳማ · ጥቅምት 6

ሰላም ለሁላችሁ። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ጃቫስክሪፕት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ፣ እሱን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደውን ኖድና ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ በራሴ ስማር ቆይቻለሁ። ሲቪዬም ተጽፎ ተቀምጧል። ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር እከፍተዋለሁ፤ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፤ ከተዘረዘሩት ውስጥ የማላውቀው አንድ ነገር አላጣም፤ ከዚያ እዘጋዋለሁ። አንዴ ዶከር የሚባል መሣሪያ ነው፣ አንዴ ታይፕስክሪፕት የሚባል ቋንቋ ነው፣ አንዴ ደግሞ «የሁለት ዓመት ልምድ» የሚለው ነው። «ይህን ልማርና ለሚቀጥለው አመለክታለሁ» እላለሁ። የሚቀጥለውም ሌላ የማላውቀውን ይዞ ይመጣል።

የምፈራው አለመቀጠርን ብቻ አይደለም። ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ «አንቺ እኮ ምንም አታውቂም» መባልን ይበልጥ እፈራለሁ። ቤተሰቦቼ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጃችን ፕሮግራመር ናት» ብለው ተናግረዋል፤ እኔ ግን በራሴ አፍ ብዬው አላውቅም። አንድ ሰው ለሥራ መድረሱን በምን ያውቃል? እናንተስ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ስትልኩ ምን ምን ታውቁ ነበር?


ጣና_ዳር · ጥቅምት 6

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሳነብ ልቤ ተነካ፤ እኔም በዚሁ መንገድ ነው የመጣሁት። ባሕር ዳር ተምሬ አሁን አዲስ አበባ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት እሠራለሁ። ስቀጠር የድረ ገጽ መሥሪያውን ሪአክትን በጥቂቱ አውቅ ነበር፤ ስለ ሰርቨር የማውቀው እጅግ ትንሽ ነበር። ጊትን (የኮድን ለውጥ የሚመዘግበውን መሣሪያ) ብቻዬን ስለምሠራበት ኮድ ማስቀመጥና መላክ ብቻ እችል ነበር። ሁለት ሰው አንዱን ፋይል ሲነካው የሚፈጠረውን ግጭት መፍታት የተማርኩት ከተቀጠርኩ በኋላ ነው፤ ለብቻው ለሚማር ሰው ደግሞ ያ ግጭት ብዙም አይገጥመውም። ቤት ተቀምጦ የማይገኝ እውቀት አለ። እሱን ሳልይዝ አላመለክትም ካልሽ መቼም አታመለክቺም።


ነባሩ · ጥቅምት 7

ከዐሥር ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፤ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ጀማሪዎችን ከሚቀጥሩት አንዱ ነኝ። ስለ ማስታወቂያው አንድ ነገር ላስረዳሽ።

ማስታወቂያ የሚዘጋጀው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ያለፈውን ዓመት ማስታወቂያ ያወጣል። የቡድን መሪው ቡድኑ የሚጠቀምበትን መሣሪያ ሁሉ ይጨምርበታል፤ ከወራት በኋላ ልንጀምረው ያሰብነውም ይገባል። ከዚያ አንድ ሰው የልምድ ዓመት ያክልበታል። ወረቀቱ ሲወጣ በውስጡ የተጻፈውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ከቡድናችን ራሱ አይገኝም። አንቺ ግን እንደ ፈተና ወረቀት አንድ በአንድ እያረምሽ ራስሽን ትጥያለሽ።

በዚህ ላይ ለይተሽ እዪ። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና አብዛኛው ባንክ የሥራ ልምድን ቆጥሮ ያጣራል፤ ሁለት ዓመት ካለ ሁለት ዓመት ነው፣ ወረቀት ይጠየቅበታል። እዚያ «ዜሮ ዓመት» የሚለውን ፈልጊ። የግል ሶፍትዌር ድርጅት ግን ዝርዝሩን እንደ ምኞት ነው የሚጽፈው። ማስታወቂያውን ስታነቢ «ተግባርና ኃላፊነት» ከሚለው ጀምሪ። ሰውየው ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ ምን ሲሠራ ይውላል? ያንን በዝግታም ቢሆን መሥራት የምትችዪ ከሆነ ላኪ።

አሁን ጥያቄ አለኝ። እስካሁን ምን ሠርተሻል? ከቪዲዮ ትምህርት ጋር አብረሽ የጻፍሽውን ተዪው። ሰው የተጠቀመበት ነገር አለ?


ጥንቃቄ · ጥቅምት 7

ከላይ የተባለውን አከብራለሁ፤ ግን ሁሉም «አይዞሽ፣ ላኪ» ብሎ ቢያልፍ ለእህታችን አይጠቅማትም። እኔም ፈታኝ ሆኜ ተቀምጬ አውቃለሁ። ሲቪው ላይ ዐሥራ አምስት ቴክኖሎጂ ደርድሮ ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች አልፎ ለ3 የሚካፈሉትን መለየት ያቃተው ሰው ገጥሞኛል። ለእሱም አዘንኩ፣ ለባከነውም ጊዜ አዘንኩ። ጥርጣሬ አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ይናገራል። «አልደረስኩም» የሚል ሰው በእርግጥም ያልደረሰ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገው ማበረታቻ ሳይሆን መለኪያ ነው።

እንዲህ አድርጊ። ባዶ ፋይል ክፈቺ። ቪዲዮ የለም፣ የተዘጋጀ ኮድ የለም፤ የቋንቋውን ሰነድ ግን ማየት ይፈቀዳል። ተጠቃሚ የሚመዘገብበት፣ የሚገባበት፣ የራሱን መረጃ ብቻ የሚያይበት ትንሽ ድረ ገጽ ሥሪ። የይለፍ ቃሉ ዳታቤዝ ውስጥ እንዳለ አይቀመጥ፤ የይለፍ ቃልን ወደማይነበብ በሚቀይረው በቢክሪፕት ወይም በመሰለው ይለወጥ። ከውጭ የመጣው ጽሑፍ በቀጥታ ዳታቤዙ ከሚታዘዝበት የኤስኪውኤል ትእዛዝ ጋር አይቀጠል። ቅዳሜና እሑድን ወስደሽ ይህን ከጨረስሽ ለጀማሪ ሥራ ደርሰሻል። ካልጨረስሽ ደግሞ የት ላይ እንደቆምሽ ታውቂያለሽ፤ የቀረሽ ያ አንዱ ነገር ብቻ ይሆናል።


ጀማሪዋ_ከአዳማ · ጥቅምት 8

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥንቃቄ ያሉትን ዛሬውኑ እጀምራለሁ።

ነባሩ ለጠየቁኝ፦ ሰው የተጠቀመበት ከተባለ የሰፈራችን የእድር መዝገብ አለ። የእድሩ ጸሐፊ ሁሉንም በትልቅ ደብተር ነበር የሚይዙት። አሁን በላፕቶፕ ይመዘግባሉ። የወር መዋጮ ያልከፈለው ማን እንደሆነ፣ ቅጣቱ ስንት እንደ ደረሰ፣ ለቅሶ ሲደርስ ለማን ስንት እንደ ተከፈለ ያወጣል። ኢንተርኔት ስለሚቆራረጥ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ነው የሚሠራው፤ ማታ ቅጂው ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። ግን በጣም ቀላል ነገር ነው፤ ሲቪዬ ላይም አላስገባሁትም።


ነባሩ · ጥቅምት 8

እስቲ ቀላልነቱን እንየው። አራት ጥያቄ መልሺልኝ። ጳጉሜን ምን አደረግሽው? ሁለት አባላት ስማቸው ከነአባታቸው አንድ ሲሆን እንዴት ይለያሉ? ጸሐፊው «ኃይሉ» ብለው መዝግበው ሌላ ቀን «ሀይሉ» ብለው ቢፈልጉ ይገኛል? የአንድ ወር መዋጮ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢመዘገብስ?


ጀማሪዋ_ከአዳማ · ጥቅምት 8

ጳጉሜ በጣም አስቸግራኝ ነበር። መዋጮ በጳጉሜ አይከፈልም፤ ለቅሶ ግን በጳጉሜም ይደርሳል። መጀመሪያ የተጠቀምኩበት የቀን መምረጫ 13ኛ ወር አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ዳታቤዙ ውስጥ ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጬ ሲታይ ብቻ ወደ እኛ እንዲለወጥ አደረግኩ። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈው ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። 2015 እንደዚያ ነበረች፤ በዚህ ምክንያት የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ነው። ይህንንና ሌሎች የዓመት መባቻዎችን የሚፈትሽ ኮድ ጽፌያለሁ፤ የሆነ ነገር በነካሁ ቁጥር አሂደዋለሁ።

ስም፦ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ለየብቻ ነው የሚገባው፤ ዋናው መለያ ግን የአባልነት ቁጥር ነው። ከነአያታቸው አንድ የሆኑም ስለነበሩ የቤት ቁጥር ጨመርኩበት።

ፍለጋውን በተመለከተ፣ ስሙ እንደ ተጻፈው ይቀመጣል፤ አጠገቡ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ አለ። እዚያ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ፤ ሃ እና ኃም ወደ ሀ ይሄዳሉ። የተፈለገውም ስም በዚያው መንገድ ተለውጦ ነው የሚነጻጸረው።

ሁለት ጊዜ ክፍያ፦ የአባል ቁጥሩና ወሩ አንድ ላይ እንዳይደገሙ ዳታቤዙ ራሱ ይከለክላል። ገጹ ላይ ብቻ ባደርገው ኖሮ ጸሐፊው «መዝግብ» የሚለውን ደጋግመው ሲጫኑ ያልፍ ነበር።


ነባሩ · ጥቅምት 9

አሁን የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። የሌላ ሰው ጽሑፍ ነው ብለሽ አንብቢው።

ይህን የጻፈው ሰው የቀን አያያዝን ያውቃል፤ በዚህ ጉዳይ በየድርጅቱ ስንት ጊዜ እንደምንቸገር እኔ አውቃለሁ። መረጃ ሲቀመጥና ሲታይ አንድ እንዳልሆነ ያውቃል። የአማርኛ ፍለጋ ለምን እንደሚያስቸግር ያውቃል፤ ከውጭ የመጡ ብዙ ሶፍትዌሮች ይህን አይችሉም። የስሕተት መከላከያው የት መቀመጥ እንዳለበት፣ ገጹ ላይ ሳይሆን ዳታቤዙ ላይ መሆን እንዳለበት ያውቃል። ከዚህም በላይ ደብተር የለመዱ አንድ ትልቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ ሥራቸውን ጠይቆ፣ ተረድቶ፣ እሳቸው የሚጠቀሙበትን ነገር ሠርቷል። እኔ ጀማሪ ስቀጥር የምፈልገው ይኸንኑ ነው። ዶከርን እናስተምራለን፤ ሰነድ አንብቦ በጥቂት ጊዜ የሚያዝ ነገር ነው። ሰውን ጠይቆ ችግሩን መረዳትን ግን እንዴት እንደማስተምር እስካሁን አላገኘሁትም።

ሲቪሽን በዚህ ጀምሪው። ከስምሽና ከአድራሻሽ ቀጥሎ፣ ከትምህርትሽም በፊት እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ለአንድ የሰፈር እድር የአባላት፣ የመዋጮና የክፍያ መመዝገቢያ ሥርዓት ሠራሁ፤ የእድሩ ጸሐፊ በየቀኑ ይጠቀሙበታል። በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ይሠራል፣ ያለ ኢንተርኔት ያገለግላል፣ የአማርኛ ስሞችን በተለያየ ፊደል ቢጻፉም ያገኛል። ኖድ፣ ፖስትግሬስ።» በእንግሊዝኛም ስትጽፊው በዚሁ ልክ አጭር ይሁን። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምወድ፣ አዲስ ነገር ለመማር የምጓጓ» የሚለውን አውጪው፤ ሁሉም ይጽፈዋል፣ ማንም አያነበውም። ኮዱን ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ አድርጊው። የአባላቱን እውነተኛ ስምና ስልክ ግን አደራ፤ በፈጠራ ስም ተኪው፣ ጊት በሚያስቀምጠው የድሮው ታሪክ ውስጥም እንዳይቀር አጣሪ።


ሦስተኛ_ዓመት · ጥቅምት 9

ይቅርታ በመካከል ልግባ። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ሆኖም ጥርጣሬዬ ትንሽ ይለያል። የምሠራውን ሁሉ ኮድ በሚጽፍልኝ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በቻትጂፒቲ እየታገዝኩ ነው የምሠራው። ይሠራል፤ ግን የእኔ ነው ለማለት ይከብደኛል። ቃለ መጠይቅ ላይ ያለ እሱ ብቀመጥ ባዶ የምሆን ይመስለኛል። እንዲህ እየሠራሁ ችያለሁ ማለት እችላለሁ?


ጥንቃቄ · ጥቅምት 9

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የማይናገረው ነው። ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል፤ መጠቀሙ ነውር የለውም። መለኪያው ይህ ነው፦ የሠራኸውን ፕሮጀክት ክፈት፣ አንዱን ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) አጥፋው፣ መሣሪያውን ዘግተህ መልሰህ ጻፈው። ከቻልክ ያንተ ነው። ካልቻልክ ገና ያንተ አይደለም፤ ሊሆን ግን ይችላል፤ የጎደለህ ቁጭ ብለህ መስመር በመስመር «ይህ ባይኖር ምን ይበላሻል?» ብለህ መጠየቅ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ያለ ምንም አጋዥ ሥራ። ቀርፋፋ ትሆናለህ፤ ቅር አይበልህ። ቃለ መጠይቅ ላይ የምትቀመጠው ያ ቀርፋፋው አንተ ነህ፤ ከእሱ ጋር አስቀድመህ ተዋወቅ።


ቨርጂኒያ_ያለሁ · ጥቅምት 10

አሜሪካ፣ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ነው የምጽፈው። ዋሽንግተን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ቦታ ተቀጥሬ እየሠራሁ ማታ ማታ ኮሌጅ ተምሬ ነው ወደዚህ ሙያ የገባሁት፤ አሁን በርቀት ሥራ ለሚያመለክቱ የአገር ቤት ልጆች የልምምድ ቃለ መጠይቅ አደርጋለሁ። ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከእውቀት ጋር የማይገናኝ ሆኖ ልጆቻችንን የሚጥላቸው ይህ ነው።

ጥያቄ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። እኛ ያደግነው ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ልክ የሆነውን መልስ እስክናገኝ ዝም ብለን፣ ካገኘን በኋላ ባጭሩ መልሰን ነው። አስተማሪ ፊት ግማሽ መልስ መናገር ድፍረት ነበር። የውጭ አገር ድርጅት ጠያቂ ግን የሚፈልገው መንገዱን መስማት ነው። ዝምታውን «አያውቅም» ብሎ ይጽፈዋል። ልጁ እኮ ያውቃል፤ እያሰበ ነው።

ስለዚህ ጮክ ብላችሁ አስቡ። ጥንቃቄ ያነሱትን የታወቀ ጥያቄ እንውሰድ፦ ከ1 እስከ 100 አትም፣ ለ3 ሲካፈል «ፊዝ»፣ ለ5 ሲካፈል «በዝ»፣ ለሁለቱም ሲካፈል «ፊዝበዝ» በል። ቁጭ ብለህ ኮዱን ከመጻፍህ በፊት እንዲህ በል፦ «በእያንዳንዱ ቁጥር አልፋለሁ። ቀሪውን አያለሁ። ለሁለቱም የሚካፈለውን መጀመሪያ መጠየቅ አለብኝ፤ ለ3 የሚካፈለውን ካስቀደምኩ 15 ላይ 'ፊዝ' ብሎ ያልፋል።» ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የተናገረ ሰው ኮዱ ላይ አንድ ነጥብ ቢረሳ እንኳ አይወድቅም።

እንግሊዝኛን በተመለከተ፦ አነጋገራችን እንደ ተወላጁ እንዲሆን ማንም አይጠብቅም። እህቴ፣ የእድሩን ሥራ በእንግሊዝኛ ለስልክሽ ተርኪለት፤ ቅጂውን አዳምጪ፤ የተደናቀፍሽበትን ቃል አስተካክለሽ ድገሚው። ደግሞ ወደ አሜሪካ ድርጅት የሚላክ ሲቪ ላይ ፎቶ፣ ዕድሜና የጋብቻ ሁኔታ አይገባም። አንድ ገጽ ይበቃል።


ጀማሪዋ_ከአዳማ · ጥቅምት 12

የጥንቃቄን ፈተና ጨረስኩት። መግቢያው ላይ ከጠበቅኩት በላይ ቆየሁ፤ ተጠቃሚው ከገባ በኋላ ሰርቨሩ በምን እንደሚያስታውሰው ሰነዱን ደጋግሜ ማንበብ ነበረብኝ። ግን ሠርቷል፤ እያንዳንዱን መስመር ማስረዳት እችላለሁ። ሲቪዬንም ነባሩ እንዳሉት አስተካከልኩት።

አሁንም ግን አንድ የሚይዘኝ ነገር አለ፤ ይሉኝታ ነው። ስለ ራሴ ይህን ያህል ጽፌ ሳነበው ያሸማቅቀኛል፤ «ራሷን ካበች» የሚሉኝ ይመስለኛል። ደግሞ ሰፈር ውስጥ «ያለ ዘመድ ሥራ የለም» ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ እዚያ የማውቀው ሰው የለኝም። ይህን ሁሉ አልፌ ብልክ ምን ዋጋ አለው እላለሁ።


ሙያተኛዋ · ጥቅምት 12

እህቴ፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ያለሁ ሴት ስለሆንኩ ይህን እኔ ልመልሰው።

በ1978 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በትምህርትም በሥራም የተሳካላቸውን ሴቶች አጥንተው ነበር። ዲግሪ ያላቸው፣ በባልደረቦቻቸው የተከበሩ ሴቶች በልባቸው «ሰዎች ተሳስተውብኝ ነው፣ አንድ ቀን ይታወቅብኛል» እያሉ ይኖሩ ነበር። ውጤታቸውን ለዕድል ወይም ለሌላ ሰው ስሕተት ይሰጡታል። በኋላ የወጡ ጥናቶች ወንዶችም ዘንድ እንዳለ አሳይተዋል። ያንቺን የመጀመሪያ ጽሑፍ ሳነብ ይኸው ነበር የታየኝ፤ የእድሩን ሥራ «በጣም ቀላል ነገር ነው» ያልሽበት ቦታ በተለይ። የከበደሽን ነገር ከፈታሽው በኋላ «ቀላል ነበር» ትያለሽ፤ ያልሠራሽው ብቻ ከባድ መስሎ ይቀራል። በዚህ ሚዛን ከሄድሽ ዕድሜሽን ሙሉ ብትማሪም ጎደሎ ነሽ።

ስለ መካብ፦ ውሸት ብትጽፊ ኖሮ አፍሪ እልሽ ነበር። የጻፍሽው የሆነውን ነው። ጸሐፊው ይጠቀሙበታል ወይስ አይጠቀሙበትም? ይጠቀሙበታል። እንግዲያው ተጻፈ፣ አለቀ። አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ስለ ዘመድ፦ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ግን ሁሉም በር በዘመድ አይከፈትም፤ ኮድ የሚያስጽፍ ፈተና የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ፈተናቸው ደግሞ ዘመድ አይጠይቅም። አንቺም ሰው የለሽም ማለት አይቻልም። ካንቺ በፊት የተመረቁትን አስቢ። አንዷን ፈልጊና «እናንተ ጋ ጀማሪ ስትቀጥሩ ምን ትጠይቃላችሁ?» ብለሽ ጻፊላት። ሥራ ስጪኝ ማለት ልመና ሊመስልሽ ይችላል፤ ስለ ሥራው መጠየቅ ግን የሙያ ወግ ነው። እኔን የጠየቀችኝን አንዲትም ልጅ አስከፍቼ መልሼ አላውቅም፤ ባልንጀሮቼም እንዲሁ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፈታኞቹ ሁሉ ወንዶች የሆኑበት ክፍል ውስጥ ልትገቢ ትችያለሽ። እኔ ገብቻለሁ። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ የረዳኝ የመጀመሪያውን መልስ አስቀድሜ በቃሌ መያዜ ነው፤ «ስለ ራስሽ ንገሪን» የማይል ጠያቂ የለምና። ያንን ያለ እንከን ከተናገርሽ ቀሪው ይከተላል።


ጣና_ዳር · ጥቅምት 12

ሙያተኛዋ ያሉት ላይ ትንሽ ልጨምር፦ በአንድ ጊዜ ለአንድ ድርጅት ብቻ አትላኪ። አንዱን ልኮ መልሱን መጠበቅ የሚያደክመው ልብን ነው። ብዙ ድርጅቶች ካልፈለጉሽ ምላሽ አይሰጡም፤ ዝምታቸውን ስለ ችሎታሽ እንደ ተሰጠ ፍርድ አትውሰጂው። ቦታው አስቀድሞ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ በጀቱ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል፣ ሲቪሽ ሳይከፈት ቀርቶም ሊሆን ይችላል።


ጀማሪዋ_ከአዳማ · ጥቅምት 27

ላክሁ። ለተለያዩ ድርጅቶች ነው የላክሁት፤ ከአብዛኞቹ ምንም አልሰማሁም። አንዱ በኢሜይል «አንፈልግም» ብሎኛል፤ ስፈራው የነበረው ነገር ደረሰ፣ ሆኖም ምሳዬን በልቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አንድ ድርጅት ግን ቤት ወስጄ የምሠራው ፈተና ሰጠኝ፦ ትንሽ የዕቃ ማከማቻ መቆጣጠሪያ ነው። ሠርቼ ላክሁ፤ ለቃለ መጠይቅ ማክሰኞ ጠርተውኛል። ማስታወቂያቸው ላይ ዶከር አለ። ከአሁን እስከ ማክሰኞ ዶከር ላጥና ወይስ የሠራሁትን ልከልስ? ቢጠይቁኝስ ምን ልበል?


ነባሩ · ጥቅምት 27

የሠራሽውን ከልሺ። ከላክሽው ኮድ ውስጥ «ለምን እንዲህ አደረግሽው?» የማይባል መስመር የለም። በተለይ ሁለት ሰዎች የመጨረሻውን አንድ ዕቃ በአንድ ቅጽበት ቢያወጡ ምን ይሆናል የሚለውን አስቢበት፤ እኔ ብሆን ይህንን እጠይቅሻለሁ።

ዶከርን ከተጠየቅሽ «ተጠቅሜበት አላውቅም» በይ፤ ግን እዚያ አትቁሚ። የእድሩን ፕሮግራም ካንቺ ኮምፒውተር ወደ ጸሐፊው ላፕቶፕ ስታዛውሪ ምን ገጠመሽ? የኖድ እትሙ አልገጠመም? ፖስትግሬስ ዳግም መጫን ነበረበት? ዶከር የተሠራው ያንን ችግር ለማቃለል ነው። «ችግሩ ገጥሞኛል፣ በእጄ ፈትቼዋለሁ፣ መሣሪያውን ግን ገና አልያዝኩም» የሚል ጀማሪ ለእኔ ትእዛዞቹን ሸምድዶ ከመጣው ይበልጥብኛል። የማታውቂውን አውቃለሁ ካልሽ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ እውነት የተናገርሽውንም ይጠራጠሩታል።


ጀማሪዋ_ከአዳማ · ኅዳር 3

ተቀበሉኝ!

ከፈታኞቹ ሁለቱ ስለ ዕቃ ማከማቻው ጥቂት ጠይቀው ቀሪውን ጊዜ ስለ እድሩ ነበር የጠየቁኝ። ነባሩ ያሉት ጥያቄም መጣ፤ ትራንዛክሽን (ሙሉ በሙሉ የሚፈጸም ወይም ጨርሶ የሚሰረዝ የዳታቤዝ ሥራ) ውስጥ ሆኖ የዕቃው ረድፍ ለሌላው ተቆልፎ ዕቃው እንደሚወጣ ነገርኳቸው። አንዱን ጥያቄ አላወቅኩትም፤ ቨርጂኒያ ያሉት ወንድሜ እንዳሉት ሐሳቤን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ መካከል ላይ ፈታኙ ራሱ አገዘኝ። ዶከርንም እንደ ተመከርኩት መለስኩ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ለማታውቋት ልጅ ያደረጋችሁትን አልረሳውም።

አሁን ደግሞ ደብዳቤው ላይ «የሙከራ ጊዜ» ይላል። ያ የድሮው ፍርሃት ተመለሰብኝ፦ ገብቼ አለማወቄ ቢታይ በሙከራው ያሰናብቱኛል? ሰኞ ነው የምጀምረው።


ሙያተኛዋ · ኅዳር 3

እልል! እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ!

የሙከራ ጊዜው ሕግ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ስምምነት ነው፤ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አልተስማማሽም ካሉ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ፤ አንቺም ቦታው ካልተስማማሽ ያለ ማስጠንቀቂያ መተው ትችያለሽ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የጊዜ ርዝመት አይተሽ ፈርሚ።


ነባሩ · ኅዳር 3

እንኳን ደስ ያለሽ! በጣም ነው የተደሰትኩት።

እኔ ከጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምጠብቀውን ልንገርሽ፤ ሌላውም ቦታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ብዙ ኮድ እንዲጽፍ አልጠብቅም። የድርጅቱን ኮድ ኮምፒውተሩ ላይ አስነሥቶ እንዲያሠራ፣ አንድ ትንሽ ስሕተት አግኝቶ እንዲያርም፣ ኮዱ ሲገመገም የተሰጠውን አስተያየት ሳይከፋው እንዲያስተካክል እጠብቃለሁ። ሲያቅተው እንዲጠይቅ ደግሞ አጥብቄ እጠብቃለሁ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ራስሽ ሞክሪ፤ ካልሆነ «ይህን ሞከርኩ፣ ይህ ሆነ፣ የጠበቅኩት ግን ይህን ነበር» ብለሽ ጠይቂ። ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ማታ «አልሠራልኝም» የሚል ሰው ነው የሚያሳስበኝ።

ሰኞ ስትገቢ ማስታወሻ ደብተር ያዢ። ፕሮጀክቱን ለማስነሣት የተከተልሽውን እያንዳንዱን ደረጃ ጻፊ፤ የድርጅቱ መመሪያ ላይ የጎደለ ወይም ያረጀ መስመር ማግኘትሽ አይቀርም። እሱን አስተካክለሽ የመጀመሪያ ሥራሽ አድርገሽ ላኪው። አዲስ ሰው ብቻ የሚያየው ጉድለት ነው፤ ከሳምንት በኋላ አንቺም አታዪውም።


ሦስተኛ_ዓመት · ኅዳር 4

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔም ከፕሮጀክቴ አንዱን ፋንክሽን አጥፍቼ መልሼ ጻፍኩት፤ ሁለተኛውን ግን አልቻልኩም። ቦታው የዕቃ ዋጋ ከነታክሱ የሚደመርበት ነው፤ ሳንቲሙ እየተዛባ 0.1 እና 0.2 ስደምር 0.30000000000000004 ይለኛል። መሣሪያውን ሳልከፍት ለምን እንደሆነ መረዳት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?


ጥንቃቄ · ኅዳር 4

ጎበዝ! ከዚሁ ጀምር። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን የሚያስቀምጠው በሁለት አኃዝ፣ በ0 እና በ1 ነው፤ 0.1 በዚያ አጻጻፍ ተጽፎ አያልቅም፣ ስለዚህ ተቆርጦ ይቀመጣል። ገንዘብን በሳንቲም በሙሉ ቁጥር ያዘው፤ 12 ብር ከ50 ሳንቲም 1250 ይሁን፤ ወደ ብር የምትለውጠው ሲታይ ብቻ ነው። እህታችን ጳጉሜን በፈታችበት መንገድ ነው የምትፈታው። ሠርተህ ስትጨርስ ኮዱን እዚህ አምጣው፣ አብረን እናየዋለን።